ማይግሬናችሁ የትኛው ዓይነት ነው? በሰዓትና በቀን መቁጠሪያ የሚለይበት ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ውስጥ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰማት አንዲት ነገር አለች። «የራስ ምታት ኪኒን ስጠኝ።» የትኛው ራስ ምታት ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልሱ ብዙ ነው። አንዱ «ምች ነው» ይላል። አንዱ «ፀሐይ መትቶኝ ነው»። አንዷ «ሳይነስ አለብኝ»። ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ ቢያንስ አንዴ መድኃኒት ያልዋጠ የማይግሬን ታማሚ ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ የታዘብኩት፣ ሰው ሕመሙን የሚናገረው በክብደቱ ነው። «ፈለጠኝ»፣ «ሊፈነዳ ነው»፣ «ገደለኝ»። ክብደቱ ግን ዓይነቱን አይናገርም። የማይግሬንን ዓይነት በአብዛኛው የሚለየው ሰዓት ነው። ከሕመሙ በፊት ምን መጣ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሕመሙ ራሱስ ስንት ሰዓት? በወር ስንት ቀን ተመላለሰ? ሐኪሞች የሚመሩበትን መለያ ሦስተኛ እትም ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ብትገልጡት ደቂቃ፣ ሰዓትና ቀን የሞላበት ነው። ለዚህ ደግሞ ስልክና ቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

ዓላማው ራሳችሁን እንድታክሙ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ባዶ እጃችሁን እንዳትገቡ ነው።

ደረጃ 1፦ ማስታወሻ የማይጠብቀውን አስቀድማችሁ አውጡ

የሚከተሉት ካሉ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፦

- በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣራ የነካ፣ «እንዲህ አሞኝ አያውቅም» የሚያሰኝ ድንገተኛ ሕመም።
- ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር። ማጅራታችሁ አልታጠፍ ካለ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ብርድ ብርድ ካላችሁ የወባ ምርመራ አድርጉ፤ አዳማ ወባ የማያጣት ከተማ ናት።
- ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጎን መዛል፣ አፍ መጣመም ወይም ንግግር መተሳሰር። ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ስትሮክ ነው ብላችሁ ሩጡ።
- ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ (ባጃጅ ላይ የደረሰውንም ይጨምራል)፣ ወይም ካንሰር ወይም ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ የተከሰተ።
- በእርግዝና ወይም በአራስነት የመጣ ከባድ ራስ ምታት። የደም ግፊት ዛሬውኑ መለካት አለበት።

ስለ ግፊት ካነሳን አይቀር፣ ራሱን ባመመው ቁጥር «ግፊቴ ጨምሮ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። መለካቱ ጥሩ ነው፣ ተለኩ። ግን መጠነኛ የግፊት መጨመር በአብዛኛው ራስ አያሳምምም። ድምፅ ሳያሰማ ስለሚጎዳ ነው የሚፈራው።

ሌሎች ሁለት ራስ ምታቶችም ከማይግሬን ጋር ይምታታሉ። አንደኛው ግንባርን በሻሽ እንደታሰረ ዙሪያውን ጫን የሚያደርገው ነው። ሁለቱንም ጎን ይይዛል፣ አያስታውክም፣ ሥራም አያስፈታም። ይህ የውጥረት ራስ ምታት የሚባለው ነው። ሁለተኛው ክላስተር ነው። ብዙም አይገኝም፣ ግን ጨካኝ ነው። አንድ ዓይን ዙሪያ ይወጋል፣ ያ ዓይን ያለቅሳል፣ አፍንጫ ይዘጋል። ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። የማይግሬን ታማሚ ጨለማ ክፍል ገብቶ መተኛት ይፈልጋል። የክላስተር ታማሚ ግን መቀመጥ አቅቶት ይንጎራደዳል። ይህች ልዩነት ብቻ ብዙ ትናገራለች።

ደረጃ 2፦ ቢያንስ ለሁለት ወር መዝግቡ

ረጅም አትጻፉ፣ ይሰለቻችኋል። አንድ የሕመም ቀን ይህን ያህል ይበቃዋል፦

«ሚያዝያ 7። ጠዋት 4፡10 ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ። 4፡35 ጠፋ። 4፡50 ግራ ጎኔ ትር ትር ማለት ጀመረ። 6 ሰዓት አስታወከኝ። አይቡፕሮፌን 400። ተኛሁ። ማታ 3 ሰዓት ቀለለኝ። ትናንት ጾም ነበርኩ፤ ቡናም አልጠጣሁም።»

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ስልኩ 10፡10 ሲል እናንተ 4፡10 ትላላችሁ። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ጻፉ። ሁለቱ ከተደባለቁ የአራት ሰዓት ሕመም የአሥር ሰዓት ሆኖ ሐኪሙ ፊት ይቀርባል።

መነሻ ናቸው የምትሏቸውንም ጻፉ። ከተማችን በዚህ ሀብታም ናት። የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት አለ። ከቆርቆሮና ከአስፋልት ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ አለ። ነፋሱና አቧራውም አለ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ጾምና ቡናን ነው። ምግብ መዝለል የታወቀ የማይግሬን ቀስቃሽ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው፣ ወይም በረመዳን ሕመሙ የሚበዛበት፣ ቀኖቹን በወረቀት ላይ ሲያይ ነገሩ ግልጽ ይልለታል። ሁልጊዜ ሦስቱንም ቡና የሚጠጣ ሰው ደግሞ በድንገት ሲያቆም ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ የጾሙ ራስ ምታት ከርሃቡ ይሁን ከቡናው ለማወቅ ሁለቱንም ለየብቻ መዝግቡ። ጹሙ ወይም አትጹሙ ማለቴ አይደለም። እሱን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ፣ መድኃኒቱን ደግሞ ከሐኪማችሁ ጋር ምከሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ማይግሬን ሕመሙ ከመጀመሩ ሰዓታት ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ይነሳል። ታዛጋላችሁ፣ ማጅራታችሁ ይጨመደዳል፣ ትነጫነጫላችሁ፣ ጣፋጭ ያምራችኋል። ያማራችሁን ትበላላችሁ። ከዚያ ያማችኋል። «ኬኩ ነው ያመጣብኝ» ትላላችሁ። ኬኩ ላይሆን ይችላል፤ ኬኩን ያስመኛችሁ ራሱ የጀመረው ማይግሬን ሊሆን ይችላል። ብርሃንም እንደዚሁ። አንድን ነገር በአንድ ቀን ጥፋት አትፍረዱበት። ደጋግሞ ከታየ ያን ጊዜ ተጠያቂ ነው።

ደረጃ 3፦ መደበኛውን ማይግሬን ለዩ

ከሁሉ በላይ የሚበዛው ኦራ የሌለው ማይግሬን ነው። ኦራ ምን እንደሆነ ቀጥሎ ይመጣል። መለኪያው እንዲህ ነው፤ ማስታወሻችሁን አጠገቡ አድርጉ።

ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው፦ በአንድ ጎን መሆን፣ ከልብ ምት ጋር ትር ትር ማለት፣ ሥራ የሚያስፈታ ክብደት፣ ደረጃ እንደ መውጣት ባለ ተራ እንቅስቃሴ መባባስ። በዚህ ላይ ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ፣ አለዚያ ብርሃንም ድምፅም አንድ ላይ መጥላት ይጨመራል። እንዲህ ያለ ሕመም ቢያንስ አምስት ጊዜ መምጣት አለበት።

አስተውሉ፣ ግማሽ ጎን ብቻ መሆኑ ግዴታ አይደለም። «የኔ ሁለቱንም ጎን ስለሆነ ማይግሬን አይደለም» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ትር ትር እያለ፣ ሲራመድ እየባሰበት፣ እያስታወከው ከሆነ ሁለቱንም ጎን ቢይዝም ማይግሬን ነው። «ሳይነስ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ማይግሬን ራሱ አፍንጫ ሊዘጋና ዓይን ሊያስለቅስ ይችላል። ትኩሳትና ወፍራም የአፍንጫ ፈሳሽ ከሌለ፣ አንቲባዮቲክ ከመግዛታችሁ በፊት ቆም በሉ።

ደረጃ 4፦ ኦራ ካለ ሰዓት ያዙ

አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መጥታ መነጽር ልታሠራ እንደሆነ ነገረችኝ። መርፌ ስታሰካ ቀዳዳው ይጠፋባታል። «ሁልጊዜ ነው?» አልኳት። «የለም፣ ራሴን ሊያመኝ ሲል ብቻ።» እስክሪብቶ ሰጥቻት በደረሰኙ ጀርባ ላይ ሳለችው። መጀመሪያ መሐል ላይ ትንሽ ነጥብ። ከዚያ ነጥቧን የከበበ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ግማሽ ክብ። ከዚያ ትልቅ፣ ወደ ዳር የወጣ። «ያብለጨልጫል፤ ውስጡ ያለው ነገር አይታየኝም። ሻይ ተፈልቶ እስኪቀርብ ያህል ቆይቶ ይሄዳል። ከዚያ መጋዙ ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባል።» መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል የእሷ የተሻለ ነበር።

ኦራ ማለት ይህ ነው። ከሦስት ወይም ከአራት የማይግሬን ታማሚ አንዱን ያህል ያገኘዋል። አብዛኛው በዓይን ይመጣል። አንዳንዱ ግን በእጅ ነው፦ ጣት ላይ ውርር ማለት ይጀምርና በክንድ ወጥቶ ከንፈርና ምላስ ይደርሳል። አንዳንዱም ቃል መፈለግና ማጣት ነው። እያንዳንዱ ምልክት ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል፣ ሙሉ በሙሉም ይለቃል። ራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ ኦራው እያለ ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከተላል። ሳይከተል የሚቀርበት ጊዜም አለ፤ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ።

የሚዘገየውና የሚስፋፋው ለምንድነው? እ.ኤ.አ. በ1944 ሊያዎ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ በአንጎል ላይ እንደ ማዕበል ቀስ ብሎ የሚሄድ የሥራ መዳከም እንዳለ አሳየ። ፍጥነቱ በደቂቃ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ማዕበሉ በእይታ ክፍል ሲያልፍ ብልጭታው ይታያል፤ ወደ ስሜት ክፍል ሲደርስ እጅ ይወርራል።

ስትሮክን ከኦራ ለመለየት የሚረዳው ይኸው ዝግታ ነው። ኦራ በደቂቃዎች እየተስፋፋ ይመጣል፣ ያልነበረ ነገር፣ ብልጭታና ውርር፣ ይጨምራል። ስትሮክ በድንገት ይወርዳል፣ የነበረውን ይቀንሳል፦ ዓይን ይጨልማል፣ እጅ ይዝላል። እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ፣ ወይም የለመዳችሁት ዓይነት ካልሆነ ቤት ቁጭ ብላችሁ ሰዓት አትቁጠሩ።

ለሴቶች እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ኦራ ያለው ማይግሬን የስትሮክን አደጋ በመጠኑ ይጨምራል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ሲታከልበት፣ በተለይ ከሲጋራ ጋር፣ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ኦራ ላላት ሴት ያ ኪኒን አይመከርም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ መርፌውና ሉፑ ኤስትሮጅን የላቸውም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ማይግሬን አለብኝ» ብቻ አትበሉ። «ከሕመሙ በፊት ዓይኔ ያብለጨልጫል» በሉ። ካልነገራችኋቸው ላይጠይቋችሁ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ብርቅ የሆኑትን እወቁ

አብዛኛው አንባቢ ይህን ደረጃ ማለፍ ይችላል። ግን በቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ካለ ማወቁ ይጠቅማል።

ግማሽ አካልን የሚያዝለው ማይግሬን በኦራው ጊዜ እውነተኛ የክንድ ወይም የእግር መዛል ያመጣል። መዛሉ አብዛኛውን ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ ይለቃል። በዘር የሚሄድበት አለ። አባት ወይም አክስት «ይወድቅ ነበር፣ ከዚያ ይነሳ ነበር» የሚባል የቤተሰብ ታሪክ ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። ሌላው ከአንጎል ግንድ የሚነሳው ነው። ምላስ ይተሳሰራል፣ ቤቱ ይዞራል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ከእነዚህ መሰል ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ መዛል ግን የለም። በእነዚህ በሁለቱ ሱማትሪፕታንና ኤርጎታሚን የመሳሰሉት መድኃኒቶች አይታዘዙም። የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ የማያዋጣው ለዚህም ነው።

በአንድ ዓይን ብቻ የሚመጣው የሬቲና ማይግሬን ይባላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ብልጭታው ሲመጣ አንዱን ዓይን ሸፍኑ፣ ቀጥሎ ሌላውን። በሁለቱም ከታየ የተለመደው ኦራ ነው። በአንዱ ብቻ ከሆነ ወይም አንድ ዓይን ከጨለመ የዓይን ሐኪም ሳይዘገይ ማየት አለበት። ማዞር የሚበዛበትም አለ። ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት ያዞራል፣ ራስ ምታቱ ቀላል ሊሆን ወይም ሊቀር ይችላል። እነዚህ ሰዎች «ደም ማነስ ነው» ተብለው ሲመላለሱ ይኖራሉ።

ደረጃ 6፦ ወሩ ሲያልቅ ቀን ቁጠሩ

የኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ከወሩ ግማሽ፣ ማለትም 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 8ቱ የማይግሬን ጠባይ ካላቸው፣ ይህም ከሦስት ወር በላይ ከቀጠለ፣ ማይግሬኑ ሥር የሰደደ ይባላል። ከዚያ በታች ከሆነ የሚመላለስ ነው። ቀላል የራስ ምታት ቀንም ይቆጠራል፤ «ያቺማ ትንሽ ናት» ብላችሁ አትዝለሏት።

አሁን ሁለተኛውን ቁጥር ቁጠሩ፦ መድኃኒት የዋጣችሁበትን ቀን። አንዲት እናት ዲክሎፌናክ ሊገዙ ይመጣሉ።

«እትዬ፣ በወር ስንት ቀን ይወስዳሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ መድኃኒት አልወድም። ሲያመኝ ብቻ ነው።»

«መቼ መቼ ነው የሚያምዎት?»

«በየቀኑ!»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታኖች (ሱማትሪፕታንን የመሳሰሉት) ወይም ድብልቅ ማስታገሻዎች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር ያህል ሲወሰዱ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ይፈጥራል። ትውጣላችሁ፣ ይቀላል፣ ሲያልቅ ይመለሳል፣ ደግሞ ትውጣላችሁ። ሥር ሰደደ ከተባለው ብዙው እዚህ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚገኘው። መውጫው ማቆም ነው። ስታቆሙ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳሉ፣ ከዚያ ይረግባል። ትራማዶል ከሆነ ግን ብቻችሁን አታቁሙ፤ ሐኪም ቀስ እያደረገ ይቀንስላችሁ።

ሌላ ወሰን ደግሞ አለ። አንድ ሕመም ሳይለቅ 72 ሰዓት ካለፈው ኪኒን መደጋገም ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ። በተለይ ውኃ እንኳ አልረጋ ካላችሁ፣ በግሉኮስና በመርፌ የሚረዳ ነገር ነው።

ደረጃ 7፦ የወር አበባንና የልጆችን ለብቻ እዩ

ማይግሬን ሴቶችን ከወንዶች ሦስት እጥፍ ገደማ ያጠቃል። የወር አበባ ቀናችሁን በዚያው ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉ። ከመምጣቱ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ከሦስት ወር በሁለቱ ሕመሙ ከገጠመ፣ ከወር አበባ ጋር የተያያዘ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሐኪሙ ለእነዚያ ቀናት ብቻ መከላከያ ሊያዝ ይችላል።

ልጆች ላይ ሕመሙ ሊያጥር፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ጎን ነው። አንዳንዱ ልጅ ራሱን ሳይሆን እምብርቱ አካባቢ ያመዋል፣ ይገረጣል፣ ያስታውካል፣ ተኝቶ ሲነሳ ይድናል። «ትምህርት ላለመሄድ ነው» ከማለታችሁ በፊት፣ ቅዳሜና እሑድም ያመው እንደሆነ ማስታወሻውን እዩ። ሐኪም ግን ሌላ የሆድ ሕመም አለመሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ደረጃ 8፦ ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡ

ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ጠብቃችሁ ስትገቡ የምታገኙት ጊዜ አጭር ነው። «ዶክተር፣ ራሴን በጣም ያመኛል» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ በሉ፦ «በወር 9 ቀን ያመኛል። 10 ሰዓት ያህል ይቆያል። በፊቱ 25 ደቂቃ ዓይኔ ያብለጨልጫል። አይቡፕሮፌን በወር 7 ቀን እወስዳለሁ።» በአራት ዓረፍተ ነገር ግማሹ ምርመራ አለቀ። ማይግሬን የሚታወቀው በዚህ ታሪክና ሐኪሙ በሚያደርገው የአካል ምርመራ ነው። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የሚታዘዘው ደረጃ 1 ላይ እንዳሉት ያለ አሳሳቢ ምልክት ሲኖር ነው። ፊልም አልታዘዘልኝም ብላችሁ አትቀየሙ፤ ብዙ ብርም ይተርፋችኋል።

ማስታገሻ ሲታዘዝ ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ሕመሙ ገና ሲጀምር ካልተወሰደ ኃይሉ ይደክማል፤ በማይግሬን ጊዜ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ ኪኒኑ እዚያው ይቀመጣል። ማቅለሽለሽ ካለ ሐኪሙ ሜቶክሎፕራማይድ ሊጨምር ይችላል፤ እኛ ዘንድ ፕላሲል በሚለው ስሙ ነው የሚጠሩት። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን በራሳቸው እጅ ባይገዙ ይሻላል።

በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ሥራ የሚያስፈታችሁ ከሆነ ስለ መከላከያ ጠይቁ። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን በየቀኑ የሚወሰዱ፣ የቆዩና የታወቁ ናቸው። አስም ካለባችሁ ፕሮፕራኖሎል ከመታዘዙ በፊት ለሐኪሙ ተናገሩ። አሚትሪፕቲሊን ያስተኛል፣ ማታ ነው የሚወሰደው። «ለድብርት የሚሰጥ ነው» ብሎ ጎረቤት ቢያስፈራራችሁ አትደንግጡ፤ ለማይግሬን የሚታዘዘው በአነስተኛ መጠን ነው። ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ቫልፕሮኤት የተባለው መከላከያ ከታዘዘላት ግን ትጠይቅ፤ ጽንስን ይጎዳል።

መከላከያ በሳምንት አይፈረድበትም። ተስማሚው መጠን ከተደረሰበት በኋላ ሁለት ወር ያህል ስጡት፣ ማስታወሻውንም በዚያው መልክ ቀጥሉ። የሕመም ቀኖቹ 9 ከነበሩ ወደ 4 ከወረዱ መድኃኒቱ ሠርቷል። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ብላችሁ አትጣሉት። ከ9 ንቅንቅ ካላለ ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል ወይም ወደ ሌላው ይቀይራል።